የናማክሩድ ሻይ አፍይና የሚስቱ አገር

የሄሽማት ወሬ ሲነሳ ዝም ብዬ መቀመጥ አልችልም። ዳቦ ቤቴ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ነው፤ ሰውየው ሲያስነጥስ እኔ ከዚህ ማዶ ሆኜ "ይማርህ" እላለሁ። ዕድሜ ልካችንን እንደዚህ ኖረናል። ሌላ ሰው ታሪኩን ሲያወራ ስሰማ ደሜ ይፈላል፤ በተለይ ፀጉር አስተካካዩ። እሱ ነገሩ የሆነበትን ቀን ግማሹን ዛፍ ሥር ተጋድሞ ሲያንኮራፋ ነበር፤ ዛሬ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያየሁት እኔ ነኝ ይላል።

ሄሽማት የወረዳው ሻይ አፍይ ነው። እሱን ራሱን ብትጠይቁት "መንግሥት ቤት ነኝ" ይላችኋል እንጂ ሻይ የምትል ቃል ከአፉ አትወጣም። አስተዳዳሪ ይመጣል፣ አስተዳዳሪ ይሄዳል፤ አንዱ ግጥም ይጽፋል፣ አንዱ ቢሮው ውስጥ ካናሪ ወፍ ያረባል፣ አንዱ ጠረጴዛው ሥር እግሩን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሮ ይፈርማል፤ ሄሽማት ግን ከሻይ ማፍያው ሳሞቫር ጎን ንቅንቅ አይልም። "ዘንድሮ አደባባዩን አስፋልት ልናለብሰው አስበናል" ይለኛል። አሳቢዎቹ እሱና አስተዳዳሪው መሆናቸው ነው። እናንተ እስክታስቡ ዱቄት ጫኝዋ አህያዬ ሁለቴ ወደቀች ስለው፣ ማመልከቻ አስገባ ብሎኝ ብርጭቆውን ማጠብ ይቀጥላል።

አንድ ነገር ግን አልክደውም። ባለጉዳይ ሁሉ ይፈራው ነበር። አስተዳዳሪው ዘንድ ገብታችሁ ሻዩ ቶሎ ከመጣ ጉዳያችሁ አለቀ ማለት ነው፤ ሻዩ ከዘገየ ጊዜያችሁን አታባክኑ፣ ወደ ቤታችሁ ሂዱ። ይህን ማን እንደደነገገው አላውቅም፤ ሄሽማት ራሱ ይመስለኛል። አስተዳዳሪዎቹ እንኳን ከጊዜ በኋላ የሻዩን አመጣጥ አይተው መወሰን ጀምረው ነበር።

ናማክሩድ የወረዳ ከተማ ናት ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳትጠብቁ። አንድ አደባባይ፣ አንድ ባንክ፣ አንድ መታወቂያ ቢሮ አላት፤ ዛፍ የሚባል ነገር የላትም። ውሃችን ጨው ነው። እንግዳ ሰው ሻያችንን ቀምሶ የስኳሩን ዕቃ ከፍቶ ያያል። ይህንኑ ውሃ ጠጥተን አድገን፣ ወልደን፣ ጥርሳችንን አርግፈናል፤ እስከዛሬ የሞተ የለም፤ የሞተም ካለ በሌላ ምክንያት ነው።

ቱትዛር ደግሞ ከእኛ በእግር የሚደረስባት መንደር ናት። ጥቂት ቤተሰብ ብቻ ነው ያላት፤ ግን ምንጭ አላት፣ ጅረት አላት፣ የእንጆሪ ዛፍ አላት፣ ጥላ አላት። ሕዝቧም ይህን ሁሉ በእጁ የሠራው ይመስል ይኮራል። የሄሽማት ሚስት ጎላንዳም የዚያች መንደር ልጅ ናት። ታላቅ ወንድሟ ሳፍዳር ደግሞ የመንደሩ ሹም ነው፤ ሆዱ ቀድሞ የሚገባ፣ አፉ ማር የሆነ፣ ልቡን ግን ማንም አይቶት የማያውቅ ሰው።

ሳፍዳር እህቱን ለሻይ አፍይ መስጠቱ ውስጥ ውስጡን ያንገበግበው ነበር። በሠርጋቸው ቀን እኔም እዚያ ነበርኩ። ሙሽራው አዲስ ልብሱን ለብሶ፣ ሽቶ ተረጭቶ ከተቀመጠበት፣ ሳፍዳር እንግዳው ሁሉ እየሰማ "አማቻችን፣ እስቲ ሙያህን አሳየን፤ እንግዶቹ ሻይ ጠምቷቸዋል" አለው። ሁሉም ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ሄሽማት ምን ያድርግ? ተነሳ፣ ትሪውን አነሳ፣ በራሱ ሠርግ ላይ ዞሮ ዞሮ ሻይ አቀረበ። አንድ ጠብታ አላፈሰሰም። ከዚያ ወዲህ ቱትዛር ሄዶ "ሙሽራው፣ ስኳር ጨምር" ሳይባል ተመልሶ አያውቅም። ሰውየው ፀጉሩ ሸብቷል፤ እዚያ ግን ዛሬም ሙሽራ ነው።

ጎላንዳም ኻኑም፣ ወይዘሮ ጎላንዳም ማለታችን ነው፣ በበኩሏ ናማክሩድን አንድ ቀን አልወደደችም። የጨው ጉድጓድ ነው የምትላት። ጠዋት ግቢ ስትጠርግ እሰማታለሁ፤ አቧራውን ትረግማለች፣ ውሃውን ትረግማለች፣ ያገባችበትን ቀን ትረግማለች፣ ሲደክማት የእኔን ዳቦ ትረግማለች። "አገሬ ብሆን ኖሮ ይሄኔ እግሬን ጅረት ውስጥ ነክሬ ነበር" ትላለች። ሄሽማት ሻይ ይቀዳላታል።

ታዲያ አንድ ክረምት አስተዳዳሪያችን ከክፍለ ሀገሩ ከተማ ክፉ ወሬ ይዞ ተመለሰ። የወረዳው ጽሕፈት ቤት ወደ ቱትዛር ሊዛወር ይችላል ተባለ። ናማክሩድ ውሃ የላትም፣ ሰውም እየጣላት ወደ ቱትዛር እየፈለሰ ነው ብሎ አንድ ሰው ላይኞቹ ሹሞች ዘንድ ድረስ ሄዶ አስወርቷል። ማን እንደሆነ ለመገመት ጠንቋይ አያስፈልግም፤ ሆዱ ቀድሞ ይገባል። እውነቱን በዓይኑ አይቶ የሚወስን ሰው ከላይ ይላካል፤ መቼ እንደሚመጣ ግን አይነገርም አሉ።

ከተማው አጉረመረመ። ለመታወቂያ ማኅተም ቱትዛር ድረስ ልንመላለስ ነው ብለን ተቆጣን፤ ከዚያ ሌላ ወሬ መጣና ተውነው። ሄሽማት ግን አልተወውም። ከሳ። ሌሊት ሌሊት በግድግዳው በኩል ሲገላበጥ እሰማው ነበር። አንድ ቀን ዳቦ ሊወስድ መጥቶ እዚያው ምድጃው አጠገብ ተቀመጠ።

"ኡስታ ያዱላህ" አለኝ፣ በባለሙያ ማዕረጌ ጠርቶ፣ "ቢሮው ከሄደ እኔም ከሳሞቫሩ ጋር ተጭኜ መሄዴ ነው። ሳፍዳር በየማለዳው እየመጣ ሻይ ያዘኛል። ጠጥቶ ጠጥቶ ስኳር አንሶታል ይለኛል። ጡረታ እስክወጣ። ከወጣሁም በኋላ።"

ሳቄ መጣብኝ፤ ፊቱን ሳየው ግን ዋጥኩት። ሚስቱስ ምን ትላለች ብዬ ጠየቅኩት። ምን ትላለች፣ ዕቃ መሸከፍ ጀምራለች አለኝ። እውነቱን ነበር። ጎላንዳም ያን ሰሞን ስትጠርግ መዝፈን ጀምራ ነበር፤ የእኔንም ዳቦ ደህና ነው አለች።

እንዲህ እንዳለን አዲስ ዓመት ባተ፤ የአሥራ ሦስተኛውም ቀን ደረሰ። በዚያ ቀን እኛ ዘንድ ጣሪያ ሥር የሚውል ሰው የለም። ቤቱ የዋለ ሰው ዓመቱን ሙሉ ነገር አይቃናለትም። በሽተኛ እንኳን በፍራሽ ተሸክመን ሣር ላይ እናወጣለን። ለበዓሉ በሳህን ያበቀልነውን የስንዴ ቡቃያ ይዘን ወጥተን ወራጅ ውሃ ውስጥ እንጥላለን፤ ሰላጣ ቅጠል በማርና በኮምጣጤ እያጠቀስን እንበላለን፤ ልጃገረዶቹ ባል እንዲመጣላቸው ሣር ይቋጥራሉ። በዚያ ላይ ያን ቀን መዋሸት ይፈቀዳል። ሰው ሰውን ያታልላል፣ ይሳቅበታል፣ ማንም አይቀየምም ይባላል። እኔን ግን ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ፀጉር አስተካካዩ ዳቦ ቤትህ ተቃጠለ ብሎ ግማሽ መንገድ አስሩጦኛል፤ ዛሬም ተቀይሜዋለሁ።

ታዲያ ውሃና ሣር ፍለጋ የት የምንሄድ ይመስላችኋል? ቱትዛር ነዋ። አትሳቁ። ሌላ የት አለ? ዓመቱን ሙሉ ቱትዛርን ስንረግም ከርመን፣ በአሥራ ሦስተኛው ቀን ድስታችንን ተሸክመን ደጃቸው ላይ ነን።

በዚያ ጠዋት ከተማው ገና በማለዳ ነቅሎ ወጣ። ሰው ሁሉ ለበዓል ሲወጣ የቤቱን ቁልፍ ሄሽማት ዘንድ ያኖራል፤ መንግሥት አይደል? እኔም የዳቦ ቤቱን ሰጠሁት። እሱና ጎላንዳም በመጨረሻዋ ፒካፕ ሊመጡ ነበር። እሷ በአንድ እጇ የሾርባውን ድስት፣ በሌላው ቡቃያዋን ይዛ መኪናዋ ላይ ወጥታለች፤ እሱ በሩን እየቆለፈ ሳለ የቢሮው ስልክ ጮኸ። ሞባይል ገና አልመጣም፤ ከተማው ውስጥ የነበረው ስልክ ጥቂት ነው።

ጎላንዳም ተወው ይጩህ አለች። የመንግሥት ስልክ ነው ብሎ ገባ። ሲወጣ ፊቱ ዱቄት መስሏል። ያ የተፈራው ሰው መንገድ ላይ ነው፤ እኩለ ቀን ሳይሆን ይገባል። አስተዳዳሪው ደግሞ በዓሉን የሚያሳልፈው የሚስቱ ዘመዶች ዘንድ ነው። ሄሽማት ሚስቱን ለመናት፤ ሄደሽ ለሕዝቡ ንገሪ፣ አንድም ሳይቀር ይመለስ በይ አላት። እሷም እነግራለሁ ብላ ሄደች።

ነገረችንም። አልዋሸችም። ከመኪናው ወርዳ፣ ድስቷን አስቀምጣ፣ ሄሽማት ከላይ ሰው እየመጣ ነው ሁላችሁም ተመለሱ ብሏል አለች። እኛ ምን አልን? ሳቅን። ፀጉር አስተካካዩ፣ ጎላንዳም ኻኑም ያምናው ውሸት ይሻል ነበር አላት። እኔም ደግሞ ሄሽማት ባዶ ከተማ ውስጥ ቁጭ ብሎ ስንመለስ ሊስቅብን ነው ብዬ አስረዳሁ፤ እንዲያውም ብልጥነቴን አድንቄ ለራሴ ተጨማሪ ሻይ ቀዳሁ። ጎላንዳም ትከሻዋን ነቀነቀችና ሰላጣዋን ማጠብ ጀመረች። ሁለተኛ አልተናገረችም።

ሄሽማት ለብቻው አንድ ከተማ ታቅፎ ቀረ። ቆይቶ ቆይቶ የሚመለስ ሰው ሲያጣ፣ ቁልፎቹን ሁሉ አንስቶ መሮጥ ጀመረ። የሱቆቹን በር ከፈተ። በየመስኮቱ ሬድዮ አስቀምጦ ከፈተ። የእኔን ምድጃ አንድዶ ጭስ አስወጣ፤ የሳምንት እንጨቴን ነው የጨረሰው። በየግቢው ያሉትን ዶሮዎች አደባባይ ላይ ለቀቀ። ሰው ያለበት ቤት እንዲመስል በየደጁ ልብስ ሊያሰጣ ፈለገ፤ ልብስ ሲያጣ የቢሮውን መጋረጃዎች፣ የስብሰባውን ጠረጴዛ ልብስና ሁለት ባንዲራ አጥቦ ሰቀለ። እንዲያው ማጠቡ ለምን አስፈለገ ብዬ በኋላ ብጠይቀው፣ ደረቅ ልብስ ማን ያሰጣል አለኝ።

የመጣው ሰው ፋራህማንድ ይባላል። ከክፍለ ሀገሩ የሚመጣ ሹም ሁሉ እኛ ዘንድ መሐንዲስ ስለሆነ ሄሽማት አጋ መሐንዲስ፣ ጌታዬ መሐንዲስ፣ እያለ ተቀበለው። ሰውየው ከመኪናው ወርዶ ዶሮዎቹን ተሻግሮ አደባባዩ መሀል ቆመ። ሬድዮዎቹ ሁሉ ስለ ስንዴ ዋግ አንድ ላይ ያወራሉ።

"ሕዝቡ የት አለ?" አለ።

"ተኝቷል፣ አጋ መሐንዲስ።"

"በዚህ ሰዓት?"

"ታታሪ ሕዝብ ነው። ደክሞት ነው።"

መሐንዲሱ የተሰጣውን ልብስ እያየ ትንሽ ተራመደ። በዚህ ከተማ መጋረጃ የሚለብስ ሰው በዝቷል አለ። ሄሽማት ቢሮ አስገብቶ ሻይ አቀረበለት። ሰውየው ብርጭቆውን ይዞ ቆየና፣ እኔም ሚስት አለኝ፣ እኔም ልጆች አሉኝ፣ ዛሬ ያለ እኔ ወንዝ ዳር ወርደዋል፤ አሥራ ሦስተኛው ቀን መሆኑ የጠፋኝ መስሎህ ነው? አለው። አለቃው የዓመት ዕድሉን ሊያበላሽበት በዚህ ቀን ስለላከው ሰውየው ኩርፍ ብሏል። ከጣሪያ ሥር መውጣት እፈልጋለሁ፣ ሕዝቡ ያለበት ውሰደኝ አለ። ሄሽማት መንገዱን ሊያዞረው አልቻለም፤ አገሩ ሁሉ ድንጋይ ሆኖ አንድ አረንጓዴ ቦታ ብቻ ነው ያለው፣ እሱም ከሩቅ ይታያል።

እኛ ሄሽማት ከአንድ ኮት ከለበሰ ሰው ጋር ሲመጣ ባየነው ጊዜ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ውሸቱን ሙሉ ለሙሉ አስጊጦ መጣ አልን። ፀጉር አስተካካዩ ሰውየውን የሄሽማት የአክስት ልጅ ነው፣ ጫማ ይሸጣል፣ አውቀዋለሁ ብሎ ማለ። እኔም ወዲያው ዕቅድ አወጣሁ፦ እሱ ሊያታልለን ከመጣ እኛ እናታልለዋለን። ማንም ከናማክሩድ ነኝ እንዳይል ብዬ በጆሮ በጆሮ አስተላለፍኩ። በሕይወቴ ብዙ ዳቦ አቃጥያለሁ፤ እንደዚያን ቀን ግን ያረርኩበት የለም።

ሳፍዳር ግን የመኪናውን የመንግሥት ታርጋ አይቶ ወዲያው ነገሩ ገብቶታል። ሮጦ መጥቶ መሐንዲሱን ዓይኔ ላይ ይቀመጡ እያለ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠው፣ ትራስ ደገፈለት፣ ጥብስ አስመጣለት። ይህ የሚያዩት ሁሉ የእኛ ሕዝብ ነው አለው። እንግዳ የባለቤቱ ነው እንደሚባለው አድርጎ ነው የተናገረው፤ ውሸት ነው ብላችሁ ልትይዙት አትችሉም።

መሐንዲሱ ዞር ብሎ መጀመሪያ ያየው እኔን ነው። ከየት ነህ አለኝ። ሄሽማት ከኋላው ቅንድቡን ያነሳል፣ ይጥላል፣ ዓይኑን ያርገበግባል፣ ላብ ያጠምቀዋል። ሲተውን እንዴት ያምርበታል አልኩ በልቤ።

"ከዚሁ ከቱትዛር ነኝ" አልኩ። "አያቴም እዚህ ነው የተቀበረው።"

አያቴ በሕይወቱ ቱትዛር ረግጦ አያውቅም። ከእኔ ቀጥሎ ፀጉር አስተካካዩ ነቅቶ፣ ናማክሩድ? እሱ ደግሞ የት ነው? አለ። ባንከሩ፣ የባንካችን ሠራተኛ፣ ስሙን ሰምቼዋለሁ፣ ሰው የሚኖርበት አይመስለኝም አለ። የመታወቂያ ቢሮው ሠራተኛ ድሮ እዚያ ጥቂት ሰው ነበር አሉ፣ ጨው በላቸው አለ። አንዱ ከአንዱ ለመብለጥ እየተሽቀዳደምን ከተማችንን በገዛ አፋችን አፍርሰን ጨረስን። ሄሽማት መሬት ላይ ቁጭ አለ። ያኔ እንኳን ሳቅን።

መሐንዲሱ እጁን ጠረገና፣ እንግዲህ ነገሩ ግልጽ ነው፣ ሕዝቡ እዚህ ነው፣ ውሃው እዚህ ነው፣ ቢሮው እዚህ ይሁን ብዬ ነገ ጠዋት አቀርባለሁ አለ። ከኪሱ የመንግሥት መታወቂያውን አውጥቶ ለሳፍዳር አሳየ። ሳቁ ከፊት ረድፍ ጀምሮ እስከ ኋላ ድረስ ጠፋ። እኔ አፌ ውስጥ ያለውን ሰላጣ መዋጥም መትፋትም አቃተኝ።

ሄሽማት ተነስቶ "የእኛ ናቸው! ሁሉም የእኛ ናቸው!" ብሎ ጮኸ። ሳፍዳር ፈገግ ብሎ፣ አማቼ ነው፣ ሻይ አፍይ ነው፣ ፀሐይ መትቶት ይሆናል፤ ሰዎቹን ይጠይቋቸው አለ። ማን አፉን ይክፈት? የሰውየው ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን፣ ጥብሱን በልተን፣ አሁን ተነስተን ሲዋሽ ነው እንበል? እፍረት ያዘን። ደግሞ የዋሸነው እኛ ነን። ሁላችንም ጫማችንን ማየት ጀመርን።

መሐንዲሱ ፊቱን ወደ ጎላንዳም መለሰ። እሷ ጅረቱ ዳር ድስት እያጠበች ነበር። ሳፍዳር ቀደም ብሎ፣ እህቴ ናት፣ እዚያ ዛፍ ሥር ያለው ቤት ነው የተወለደችው አለ። እውነት ነው። ዝም ብትል በቂ ነበር። ዕቃዋ ተሸክፎ ቤት ተቀምጧል።

"የተወለድኩት እዚህ ነው" አለች ጎላንዳም። "ቤቴ ግን ናማክሩድ ነው። እነዚህ ሁሉ ጅሎችም የናማክሩድ ጅሎች ናቸው።"

ሳፍዳር ጎላንዳም ብሎ በስሟ ጠራት፣ በለሆሳስ። እሷ አላየችውም። መሐንዲሱ አሁን ግራ ገባው። ሁላችሁም ዛሬ ትዋሻላችሁ፣ ማንን ልመን አለ።

"ማንንም አይመኑ" አለችው። "እስኪመሽ ይቀመጡ። ሰው ሲመሽ ወደ ቤቱ ነው የሚሄደው።"

መሐንዲሱ ይህ ነገር ደስ አለው። ትራሱን አደላድሎ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ የነበረው ቀን እንዴት እንደረዘመ አትጠይቁኝ። ፀሐይዋ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ድስታችንን አንስተን፣ ምንጣፋችንን ጠቅልለን ወደ ጅረቱ ወረድን። የናማክሩድ መንገድ ከጅረቱ ማዶ ነው፤ ማቋረጫው አንዲት የእንጨት ሳንቃ ናት። ሳፍዳር ሳንቃዋ አጠገብ እጁን ዘርግቶ ቆመ።

ሳፍዳር ሞኝ አይደለም። የት ልትሄዱ ነው፣ በሞቴ፣ እራት ሳትበሉ አትሄዱም፣ ቤቴ ቤታችሁ ነው፣ እደሩ አለን። እንዲህ ያለህን ሰው ደግሞ ወዲያው እምቢ አትለውም፤ ነውር ነው። አናስቸግርም ትላለህ፣ ምን ችግር ይልሃል፣ እጅህ ይባረክ ትላለህ፣ በእናቴ ሞት ይልሃል። ይህን ከእያንዳንዳችን ጋር ተራ በተራ ጀመረው። የጨረሰው ሰው ደግሞ ሳንቃዋ ጫፍ ላይ ሲደርስ ወደ ኋላ ዞሮ ሌላውን ይቅደሙ ይላል። እኔ ለባንከሩ ይቅደሙ አልኩ፤ እሱ ለእኔ፣ ኡስታ ባሉበት እኔ ልቀድም? አለኝ። ፀጉር አስተካካዩ እንኳን፣ አጎንብሶ የማያውቀው ሰው፣ ለመታወቂያ ቢሮው ሠራተኛ አጎነበሰ። ፀሐይዋ ተራራው ጫፍ ላይ ደረሰች፤ አንድ እግር አልተሻገረም። መሐንዲሱ ሰዓቱን አየ። አይሄዱም እኮ አለ። ሄሽማት የሚያደርገው ጠፍቶት የሰውየውን ባዶ ብርጭቆ በሸሚዙ ጫፍ ይወለውላል።

ያኔ ጎላንዳም ድስቷን ራሷ ላይ አደረገች። ወደ ሳንቃዋ አልመጣችም። ቀጥ ብላ፣ ከነጫማዋ፣ ከነቀሚሷ ውሃው ውስጥ ገባች። ውሃው እስከ ጉልበቷ መጣ። ሳትዞር ማዶ ወጣች። ለመቅደም ማንንም አላስፈቀደችም፣ ወንድሟንም ደህና እደር አላለችም።

ከዚያ በኋላ እኔም ዘለልኩ። ባንከሩ ዘለለ። ፀጉር አስተካካዩ ወድቆ በአፍንጫው ውሃ ጠጣ፣ ለዚያም እግዜርን አመሰግናለሁ። ሴቱ፣ ወንዱ፣ ፍራሽ ላይ ያመጣናቸው ሽማግሌ ሳይቀሩ፣ ከተማው በሙሉ እየተንቦጫረቀ ተሻገረ። ማዶ ሆነን ዞር ስንል፣ ሳፍዳርና ቤተሰቡ፣ ከጎረቤቶቻቸው ጋር፣ ሁሉም አንድ ምንጣፍ በቅቷቸው ቆመዋል። መሐንዲሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ቢሮው እንዳልተነሳ ታውቃላችሁ፤ ግድግዳው ዛሬም ከግድግዳዬ ጋር ነው።

ስንመለስ እኔ ፒካፗ ላይ ከእነ ሄሽማት ኋላ ነበርኩ። ጨርቃችን ሁሉ ይንጠባጠባል። ጎላንዳም የቀሚሷን ጫፍ እየጨመቀች ነው። ሄሽማት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ፤ እኔም ጆሮዬን አልደፈንኩም።

"ዝም ብትይ ኖሮ አገርሽ ትገቢ ነበር።"

"እገባ ነበር።"

"ታዲያ?"

"አንተም ትመጣ ነበራ።"

ሄሽማት አንገቱን ደፋ። አዘንኩለት። ጎላንዳም ቀሚሷን ለቀቀችውና ወደ እሱ ዞረች።

"እስካሁን ስንጣላ የት ነው የምሄደው? ወንድሜ ቤት አይደል? አንተም መጥተህ ደጅ ቆመህ ትለምነኛለህ። አንተ እዚያ ከሆንክ እኔ አኩርፌ የት ልሂድ? ማንስ ከሩቅ መጥቶ ይለምነኛል?"

ሄሽማት ድስቱን ከጭኗ ላይ አንስቶ የራሱ ጭን ላይ አደረገው። በሳምንቱ ተጣሉ፤ በምን እንደሆነ በግድግዳው በኩል በደንብ አልተሰማኝም። እሷ ወንድሟ ቤት ሄደች። ጥቂት ቀን ቆይቶ ሄሽማት ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ፀጉሩን አበጥሮ፣ በዳቦ ቤቴ ፊት ለፊት ወደ ቱትዛር መንገድ ሲያልፍ አየሁት። ሊለምናት ነበር የሚሄደው፤ ደስ ብሎት።